ጠፍጣፋው ምስክር

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ሲገባ፣ ቡሬ ከተማ፣ ላይ ሰፈር ያሉት ሦስቱ ቦኖዎች ውሃ መስጠት ትተው ማንጠባጠብ ጀመሩ። አንዲት ሴት አንድ ጀሪካን እስክትሞላ ድረስ ከኋላዋ የተሰለፈችው የፊተኛዋን ዘር ማንዘር ረግማ ትጨርሳለች። ታች ሰፈር ግን ውሃው እንደ ድሮው ይንዠቀዠቃል። ምንጩ አልደረቀም፣ ጋኑም ሙሉ ነው። ታዲያ የላይ ሰፈር ውሃ የት ገባ? ለዚህ ጥያቄ የከተማው ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ ተሰርቋል። ማን ሰረቀው ሲባል ግን እያንዳንዱ የሚጠላውን ሰው ስም ይጠራ ነበር።

ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን ጠረጠረ፤ ታች ሰፈር ጠላ ሻጮችን ጠረጠረ፤ ከተሜው በጠቅላላ ደግሞ ቱቦው በማሳቸው ሥር የሚያልፍባቸውን ገበሬዎች ጠረጠረ። ወሩ የበርበሬ ችግኝ ውሃ ውሃ የሚልበት ወር ነው። ከመስመሩ ዳር አንድ ለምለም መደብ ያየ መንገደኛ ከተማ እስኪገባ ሦስት ያደርገዋል፣ ጠጅ ቤት ሲደርስ አሥር። በዚያ ዘመን ሰውን መጠርጠር እንደ ማስነጠስ ቀላል ነበር፤ ተጠርጥሮ መገኘት ነው እንጂ ከባዱ።

ከሁሉ አብልጦ የፈራው ደግሞ ገደፋው ነበር። ገደፋው የከተማው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሃምሳውን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ ከብረቱ በቀር ብዙ ወዳጅ የሌለው ሰው። የታወቀበት ሙያ አንድ ነው፤ ውሃ የሚሄድበትን ቱቦ ውሃውን ሳያቋርጥ ይበሳል። ይህን ያመጣው ቅንጦት አይደለም። ምንጩ ሥር ያለው ዋናው መዝጊያ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ክፍት እንደሆነ ዝጎ ቀርቷል፤ በግድ ልዝጋህ ያለው ሰው ቢኖር መዝጊያው ይሰበርና ከተማው በሙሉ በጥም ያልቃል። ስለዚህ አዲስ መስመር በተቀጠለ ቁጥር ሥራው የሚሠራው ውሃው እየሄደ ነው።

ገደፋው በመጀመሪያ ቱቦውን ግራና ቀኝ የሚያቅፍ ብረት ይጭንበታል፤ ይህን ኮርቻ ይሉታል። ኮርቻው ላይ መዝጊያ ያቆማል። ከዚያ በተከፈተው መዝጊያ ውስጥ መብሻውን አሳልፎ፣ አንድ ሰው እየያዘለት፣ የቱቦውን ገላ በእጁ እያዞረ ይቆርጣል። ብረቱ ሲበሳ ውሃው ገፍቶ ይመጣል፤ እሱ መብሻውን ወደ ኋላ ስቦ መዝጊያውን ይዘጋዋል። አለቀ። ታች ሰፈር ልብስ የምታጥብ ሴት እንኳ ነገሩን አታውቀውም።

ከእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ መብሻው ጫፍ ላይ ተነክሳ የምትወጣ የስኒ ቂጥ የምታህል ክብ ብረት አለች። ከቱቦ ገላ የተቆረጠች ስለሆነች ጎበጥ ትላለች። እሷ ሳትወጣ ሥራው ተሠራ አይባልም፤ ውስጥ ከወደቀች ከውሃው ጋር ትጓዝና አንድ ቀን ጠባብ ቦታ አግኝታ ትወተፋለች። ገደፋው እነዚህን ክቦች «ምስክሮቼ» ይላቸዋል። አሥራ አንዱን በሽቦ ሰክቶ ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ ሰቅሏቸዋል። አሥራ አንድ ቀዳዳ፣ አሥራ አንድ ምስክር። እንግዳ ሲመጣ ሽቦውን እያንቀጫቀጨ ያሳያል።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ግን ውሸት ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ጥር አሥራ ሁለት ቀን ነው። አለቆቹ በዓል ብሎ ሥራ መፍታት አድኃሪነት ነው ብለው ስላዘዙ፣ ገደፋውና ረዳቱ ባዬ መንገድ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ዋናውን ቱቦ ይበሱ ነበር። ባዬ ከአዊ ቤተሰብ የተወለደ፣ ዝም ብሎ የሚሠራ ጠንካራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ገደፋው ስለሆነ አበልጆች ናቸው። ብረቱ ሊቆረጥ የክር ያህል ሲቀረው የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ በዚያው መንገድ መጣ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ታቦት ሲያልፍ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ብረት የሚያዞር ሰው ቡሬ አልወለደችም። ሁለቱም እጃቸውን ከሥራው አንስተው፣ ወጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ዝማሬው እስኪርቅ ድረስ ግፊቱ ያችን የክር ያህል ብረት እያንቀጠቀጠ በጠሳት። የመብሻው ጫፍ ገና አልነከሳትም ነበር። ገደፋው ተመልሶ ወርዶ መብሻውን ሲስበው ባዶውን ወጣ።

በዚያን ጊዜ ባዬ አካፋ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ገደፋው «ወጥታለች» ብሎ ኪሱን መታ መታ አደረገ። ሌላ ምን ይበል? ለታቦት ብዬ ሥራ አቋረጥሁ ብሎ ለእነዚያ አለቆች ይጻፍ? እቤቱ ሲገባ ከበርሜል ክዳን ክብ ቆርጦ ሽቦው ላይ ሰካ። የበርሜል ክዳን ጠፍጣፋ ነው፤ ግን ማን ልብ ይላል። ዓመቱ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ውሃው እንደ ወትሮው ወረደ። ገደፋውም አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ቀርታለች ብሎ ራሱን አሳመነ። ይህን ምሥጢር የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን ብሎ ያምን ነበር።

ውሃው በቀነሰ በሦስተኛው ሳምንት ጓድ አድማሴ ዕቃ ቤቱ ድረስ መጣ። ጓድ አድማሴ ከፍኖተ ሰላም የተላከ ካድሬ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ሲናገር እርሳስ የሚያወዛውዝ። ሽቦውን ከሚስማሩ አውርዶ ክቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ገፋቸው።

«ጓድ ገደፋው፣ ውሃ ሳይቋረጥ ቱቦ መብሳት የሚችል በዚህ ከተማ ማን አለ?»

«እኔ አለኋ!» አለ ገደፋው። ለዓመታት በኩራት ሲመልሰው የኖረው ጥያቄ ነው። ወጥመድ መሆኑ የገባው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር።

«ባለፉት ስድስት ወራት ውሃ የተቋረጠበት ቀን አለ?»

«የለም ጓድ።»

«እንግዲያው ሌባው መስመሩን ሲቀጥል ውሃው አልተቋረጠም። ሳያቋርጥ የሚቀጥል ደግሞ አንተ ነህ።» እርሳሱን ክቦቹ ላይ ቀሰረ። «እዚህ አሥራ አንድ አሉ። አሥራ ሁለተኛዋ የት ናት? የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት የሰፊው ሕዝብ ውሃ ይጠፋል። ይህ ስርቆት ብቻ አይደለም፤ አሻጥር ነው።»

አሻጥር! በዚያች ቃል ስንት ሰው ተጭኖ ሄዷል።  የገደፋው ዓይን ጠፍጣፋዋ ብረት ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ካድሬው ዳግመኛ ጣቱን ካሳረፈባት ጠፍጣፋነቷን ያውቃል።

«ባዬም ይችላል» አለ።

አድማሴ ቀና አለ። «ማነው ባዬ?»

«ረዳቴ የነበረ። አባቱ ሲሞቱ ሥራውን ትቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። የላይ ሰፈሩ መስመር ከከተማው ወጥቶ፣ ዳገቱን ሽሽቶ ዞሮ፣ በማሳው ሥር ነው የሚያልፍ።»

ካድሬው ጻፈ። ገደፋው የተናገረውን ቢውጠው በወደደ ነበር፤ ግን እርሳሱ ቀድሞታል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ቁጭ ብሎ በራሱ አፈረ። ያ እፍረት ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰው ወዳጁን አሳልፎ ሲሰጥ ወዳጁ በእርግጥ ሌባ ሆኖ ቢገኝለት ደስ ይለዋል። እስኪ፣ ባዬ ደህና ደመወዝ ያለው ሥራ ምነው ትቶ ሄደ? ሲሄድስ አሮጌ ኮርቻ ለመታሰቢያ ብሎ አልጠየቀም? ከዚያ ወዲህስ ዕቃ ቤቱን የረገጠው ስንቴ ነው? ሲመሽ ገደፋው አበልጁን ከግማሽ በላይ ፈርዶበት ነበር።

በነጋታው ወደ ባዬ ማሳ ወረደ። ከከተማው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ገና ከሩቅ የበርበሬው መደብ ታየው፤ ዙሪያው ሁሉ በፀሐይ አርሮ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ይባስ ብሎ ከመደቡ ራስጌ፣ ልክ ቱቦው የሚያልፍበት መሬት ላይ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ፤ ላዩ በቅጠል ተሸፍኗል። ከዛፉ ሥር አንዲት አህያ ቆማ ጀርባዋን ዝንብ ወርሷታል። ገደፋው አህያዋን አየ እንጂ አላስተዋላትም፤ ዓይኑ ቅጠሉ ላይ ነበር።

«አበልጅ! ኧረ እንዴት ሰነበቱ? ምነው እንዲህ ጠፉ አንቱ?» አለ ባዬ እጁን በቁምጣው እየጠረገ። እጁ እርጥብ ነበር።

ሚስቱ ታንጉት በቅል አሬራ አመጣች። «ይጠጡ እንጂ፣ ጠሐዩ ሲያነድዎት መጥተው።»

ገደፋው እየጠጣ ወደ መደቡ አየ። «ችግኙ አምሮበታል።»

«ተመስገን ነው።»

«ዝናብ የለ። ኸየት አገኘህለት?»

«ኸወንዝ ነዋ፤ በአህያ። ጠሐይ ሳይወጣ እንነሳለን።»

ወንዙ ሩቅ ነው።  ባዬ መሬቱን በእንጨት እየጫረ፣ ፊቱን ሳያነሳ፣ «ምስክሮቹስ ደህና ናቸው? ሁሉም ሽቧቸው ላይ አሉ?» አለ።

ገደፋው ቅሉን ከአፉ አነሳ። «ምን ማለትህ ነው?»

«እንዲያው ነው አበልጅ። ውሃው ቀነሰ ሲሉ ሰምቼ ትዝ አሉኝ።»

ገደፋው ቅሉን አስቀምጦ ተነሳ። እንዲያው ነው? እንዲያው አይደለም! ይህ ሰው የሆነ ነገር ያውቃል፤ ስለ እኔ ቀዳዳ ዝም ካልህ ስለ አንተ ብረት ዝም እላለሁ እያለው ነው። ወደ ከተማ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ በንዴት ከራሱ ጋር እያወራ ሄደ። ያን ያህል ዓመት ያስተማረው ሰው እንዲህ ቀና ብሎ ሊያስፈራራው!

ቅዳሜ ዕለት የላይ ሰፈርና የመስመሩ ዳር ገበሬ ሁሉ ቆላ በር ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ጓድ አድማሴ ስብሰባውን «የሕዝብ ማጋለጫ መድረክ» ብሎ ሰየመው። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ እጅጉ ግን ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው፣ «ስሙን እንደ ወደዳችሁ በሉት ልጄ። እኛ አውጫጭኝ ነው የምንለው» አሉ። ሕጉም እንደ ጥንቱ ነበር። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ከሜዳው አይወጣም። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዘንድ ቀርቦ፣ ምሎ፣ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይናገራል። ተናጋሪው አይታወቅም፤ የነገረችኝ ወፍ ናት ይላል፣ ሽማግሌዎቹም ወፍ እንዲህ አለች ብለው ለሕዝቡ ያሰማሉ። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። አድማሴ የጨመረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ውሃ ልቅዳ ብሎ እንዳይወጣ ሦስቱንም ቦኖ አስቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አያ እጅጉ ተነሱ። ፊታቸው ደስ አላለውም። «ወፍ እንዲህ ትላለች። ጠሐይ በበዛበት ጊዜ የባዬ መደብ ለምልሟል። ባዬ ቱቦ መብሳት ያውቃል።»

ሕዝቡ ጉም ጉም አለ። ባዬ ተነሳና «ውሃውን ኸወንዝ ነው የማመጣው» አለ።

«ቱቦ መብሳት ትችላለህ ወይስ አትችልም?» አለ አድማሴ።

«እችላለሁ።»

«ማን አስተማረህ?»

ባዬ ገደፋውን ፈልጎ አየው። «አበልጄ» አለ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት እንኳ አልጨመረም። ጭነት መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም ይወስደዋል ተባለ። ታንጉት መሬት ላይ ተጥላ «ኧረ በሚካኤል፣ አህያዋን እዩልኝ!» እያለች ጮኸች። ሰው ከሐዘን የተነሳ የምትቀባጥር መሰለው።

ገደፋው እፎይ ማለት ነበረበት። ነገሩ በሌላ ሰው ላይ ወድቋል። ግን የባዬ ዝምታ ሊገባው አልቻለም። ያ ሰው የሚያስፈራራበት ነገር ካለው፣ አሁን ካልተናገረው መቼ ሊናገረው ነው? ገደፋው ተነስቶ «ጓድ፣ ይፈቀድልኝና ቀዳዳውን ፈልጌ ላሳይ» አለ። ባዬ ሌባ መሆኑን በዓይኑ አይቶ መገላገል ፈልጎ ነበር። አድማሴ አንድ ሚሊሻ አስከትሎ ለቀቀው።

ገደፋው ቀጭን የብረት ዘንግ አለው፤ አንዱን ጫፍ ቱቦው ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ውሃ ያዳምጥበታል። በሌላ ቀን ይህ ዘንግ ሌባ አይዝም። ቦኖዎቹ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀዱ ውሃው ሁልጊዜ ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ለሌባም ለባለቤትም ድምፁ አንድ ነው። ዛሬ ግን ሁሉም ተቆልፏል። ይህ መስመር ከተዘረጋ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። ዛሬ ቱቦው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ውሃ ካለ የሌባው ነው፤ ሌላ የማንም ሊሆን አይችልም።

ባዬ ማሳ ላይ ቱቦው እስኪታይ ቆፍሮ ዘንጉን አሳረፈ። ምንም የለም። አሥር እርምጃ ሄዶ ደገመ። ምንም። ከመደቡ ራስጌ ያለውን ቅጠል ገለጠ፤ ሥሩ በጭቃ የተለሰነ ጉድጓድ ነው፣ ግማሹ ድረስ ደፍራሽ የወንዝ ውሃ ይዟል፣ ሁለት እንቁራሪቶችም አሉበት። ቱቦው ከጉድጓዱ ሥር ሳይነካ ተኝቷል። በዚህ ጊዜ አህያዋ ወደ ጥላው ዘወር ስትል ጀርባዋን አየው። ውሃ በመሸከም ብዛት ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። 

ሚሊሻው «አገኘኸው?» አለው።

«ገና ነኝ።»

መስመሩን ተከትሎ እያዳመጠ ወደ ከተማው ተመለሰ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ዋናው ቱቦ ወደ ላይ ሰፈርና ወደ ታች ሰፈር የሚከፈልበት ጉድጓድ አለ። እዚያ ወርዶ ዘንጉን የላይ ሰፈሩ መዝጊያ ላይ አሳረፈ። መጀመሪያ ምንም አልሰማም። ከዚያ ውሃው እስ እያለ መሄድ ጀመረ፤ ከውሃውም ጋር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ብረት ከብረት ጋር የሚጋጭ ድምፅ ነው። ገደፋው አንገቱን ከጉድጓዱ ብቅ አድርጎ አየ። የአድማሴ ሾፌር በቀበሌው ግቢ ጎማ ቱቦ ይዞ ላንድሮቨሩን ያጥባል። ሕዝቡ በፀሐይ ሲጠበስ የስብሰባው ሕግ የማይመለከተው እሱ ብቻ ነበር፤ የግቢው ቧንቧ ደግሞ ከላይ ሰፈሩ መስመር ነው የሚቀዳ። ሾፌሩ ቧንቧውን ዘጋ። ድምፁም ቆመ።

ገደፋው ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለ። ሌባ የለም። ውሃውን የወሰደ ማንም የለም። ከሦስት ዓመት በፊት የጣላት ብረት ዋናውን ቱቦ በዝግታ ተጉዛ፣ እዚህ ደርሳ፣ የመዝጊያው ጉሮሮ ውስጥ ተሰንቅራለች።

አሁን ምን ያድርግ? መዝጊያው አርጅቷል ቢል አድማሴ ክፈተው ይለዋል፤ ሲከፈት ብረቷ ትወጣለች፤ ብረቷ ስትወጣ ጠፍጣፋዋም ትጋለጣለች። ዝም ቢል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዬ ይጫናል። ፈራ፤ እውነቱን ለመናገር እንባው እስኪመጣ ፈራ። ከዚያ ወፏ ትዝ አለችው። እሱ ገና ተራው አልደረሰም፤ ስሙ ሳይታወቅ መናገር ይችላል።

ሜዳው ላይ ተመልሶ አያ እጅጉ ፊት ተንበርክኮ ማለ። በጆሯቸው ሁሉንም ነገራቸው፤ ታቦቱን፣ የወደቀችውን ብረት፣ የበርሜሉን ክዳን። ሽማግሌው ፊቱን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ተነሱ።

«ወፍ እንዲህ ትላለች። ውሃ የሰረቀ የለም። ኸሦስት ዓመት በፊት ገደፋው ቱቦ ሲበሳ የሚካኤል ታቦት መጣ። እሱም ሥራውን ትቶ አጎነበሰ። የቆረጣት ብረት ቱቦው ውስጥ ወደቀች፤ ፈርቶ ደበቃት። መንገዱን የዘጋች እሷ ናት።»

 አድማሴ ግን ሳቀ። «ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት ስንት ናቸው? ሁለት! ይህን የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ገደፋው በራሱ ላይ አይመሰክርም። እንግዲያው ወፏ ይህ የታሰረው ነው፤ ከመታሰሩ በፊት በጆሯችሁ የተናገረው ነው። ሰርቆ ሲያበቃ መምህሩን ያስይዛል! አሁን ስርቆት ላይ ስም ማጥፋት ተጨመረ።»

አያ እጅጉ «ወፍ አትጠየቅም ልጄ፤ ሕጉ ነው» ቢሉም የሚሰማቸው አጡ። ሁለት ሚሊሻዎች ባዬን ወደ መኪናው ይጎትቱት ጀመር። ባዬ አሁንም ገደፋውን አየው።

«ወፏ እኔ ነኝ!» አለ ገደፋው።

ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኾ ራሱንም አስደነገጠው። በዚያ አገር አውጫጭኝ ስንት ዘመን ሲደረግ ኖሯል፤ ወፍ ራሷን ስትጠራ ግን ያየ ሰው አልነበረም። «የተናገርሁት እኔ ነኝ። በራሴ ላይ ነው የተናገርሁት። ጉድጓዱ እዚያ ነው፤ ኑና እንክፈተው።»

አድማሴ እርሳሱን ማወዛወዝ ተወ። ሕዝቡ ሁሉ ሰምቷል፤ አሁን ብረቷን ሳያይ ሰው መጫን አይችልም። ቆይቶ «ክፈተው» አለ። «ታች ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ግን ለአንዲት ደቂቃ ውሃ ቢያጣ ሁለታችሁንም ነው የምጭናችሁ።»

ይህን ሥራ አንድ ሰው አይሠራውም። የባዬን እጅ ፈቱለት፤ የገመዱ ምልክት ገና ሳይጠፋ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ከአበልጁ ጎን ተንበረከከ። ከመክፈያው እስከ መዝጊያው ያለችው አጭር ቱቦ ላይ ኮርቻ አሰሩ። ባዬ ያዘ፣ ገደፋው አዞረ። ድሮ እንደሚሠሩት ነበር የሠሩት፤ አንዱ ሳይናገር ሌላው እጁን ይዘረጋል። ብረቱ ሲበሳ ክቧ ተነክሳ ወጣች። ከዚያ በቀዳዳው ውስጥ የኳስ ፊኛ አስገብተው በብስክሌት ፓምፕ ነፉት። ፊኛው አበጠ፣ የቱቦውን ግድግዳ ዙሪያውን ገፍቶ ያዘ፣ ወደ መዝጊያው የሚመጣውን ውሃ አገደው። በአጠገቡ ያለው የታች ሰፈር ውሃ ግን ምንም ሳይሰማው መሄዱን ቀጠለ። ባዬ የመዝጊያውን ክዳን ፈትቶ እጁን አስገባ። ሲያወጣት መላው ቀበሌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቶ ነበር። ዝጋ፣ ጠቁራ፣ ጎበጥ እንዳለች።

ክዳኑን መልሰው፣ ፊኛውን አስተንፍሰው፣ ሁሉንም ሲዘጉ ቦኖዎቹ ተከፈቱ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ጉድጓዱ ድረስ ተሰማ።

ሚሊሻዎቹ ገደፋውን ሊወስዱት ሲመጡ ባዬ ከዕቃ ቤቱ ሽቦውን አምጥቶ ቆሞ ነበር። ክቦቹን ሳያይ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፤ አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመና ነቅሎ አወጣት። የወጣችውን አሮጌዋን ብረት በቦታዋ ሰካ።

«ይችን ያን ዓመት ነው ያወቅኋት» አለ ዝግ ብሎ። «ኸቱቦ የወጣ ብረት ሁሉ ይጎብጣል። ይች አትጎብጥም።»

ገደፋው ወደ እሱ ዞረ። «ታዲያ ሲያስሩህ ምነው ዝም አልህ?»

«የልጄ ክርስትና አባት ነዎት፤ ምን ብዬ ልናገር? ማሳው የመጡ ለት ምስክሮቹ ደህና ናቸው ወይ ያልሁዎ፣ እሷ ትሆን እንዴ ብለው እንዲያስቡ ነበር።»

ይህን የሰማ ሰው ሌላውን ደብቆ መሄድ አይችልም። ገደፋውም አልቻለም። «ስምህን ለአድማሴ የነገርሁት እኔ ነኝ» አለ። «ማንም ገና ሳይጠቁምህ ነው ባዬ። መጀመሪያ እኔ ነኝ የጠቆምሁህ።»

ባዬ ጠፍጣፋዋን ክብ ጉድጓዱ ውስጥ ጥሎ በእግሩ አፈር አለበሳት። ሽቦውን ወደ ዕቃ ቤቱ መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ማሳው ሄደ። ገደፋው መኪናው ላይ ሆኖ እስኪሰወር ድረስ ጀርባውን ሲያይ ነበር። ይህ ይገባኛል አለ በልቡ፤ ቢተፋብኝም ይገባኝ ነበር።

ፍኖተ ሰላም እስር ቤት ስንቅ የሌለው እስረኛ ከሌላው እየለመነ ይበላል። ገደፋው ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ ስላልነበረው በር ላይ ስም ሲጠራ አይነሳም፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። በአምስተኛው ቀን ጠባቂው ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራ። ገደፋው ሌላ ሰው መስሎት አልተነሳም። ጠባቂው በሦስተኛው ተናድዶ ገባና በነጠላ የታሰረ ትኩስ ዳቦና አንድ ቅል አሬራ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

«ደንቆሮ ነህ እንዴ? ይህን ሁሉ መንገድ በአህያ መጥቶ ኸጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆሟል።»

«ማን?» አለ ገደፋው።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማን ልበል ብለው አበልጁ ነኝ አለኝ።»